የጀልባ ነጂው ቃል በእኔ ድምፅ

ይሄ የደረሰው በእኔ በራሴ ላይ ነው። ከሰው የሰማሁት አይደለም። "ፈጠራ ነው" የምትሉ እንደምትኖሩ አውቃለሁ... በሉ። የሌላ ሰው ታሪክ ቢሆን እኔም እንደዚያው ነበር የምለው።

ጊዜው ያለፈው የካቲት ነው። ቦታው ጋምቤላ ከተማ፣ ኒውላንድ ሰፈር። ሰዓቱ ከቀኑ ሰባት ሰዓት።

አዎ፣ ቀን ነው። የሚያስፈራ ነገር በሌሊት ብቻ ይመጣል ያላችሁ ማነው?

የጋምቤላን የየካቲት ሰባት ሰዓት የቀመሰ ያውቀዋል። ሱቅ ይዘጋል። ባጃጁ ጥላ ፍለጋ ይሄዳል። ውሻ እንኳ አይጮህም። በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ የሚቆም ሰው የለም።

ስሜ ናዝሬት ነው። ናዝሬት። ደጋግሜ ብጽፈው አትታዘቡኝ... ምክንያት አለኝ።

እናቴ ነርስ ናት። ከጎጃም ተመድባ መጥታ እዚሁ ቀረች፤ እኔም እዚሁ ተወለድኩ። ያደግኩት ከኑዌር ልጆች ጋር ስለሆነ ኑዌርኛ እንደ አማርኛዬ ነው። እንጀራዬም እሱ ነው። አስተርጓሚ ነኝ።

ስለ ሥራዬ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ያለዚያ ነገሩ አይገባችሁም።

እኛ ጋ ሽምግልና ላይ አስተርጓሚ "እሱ እንዲህ ይላል" አይልም። ሽማግሌዎቹ አይወዱትም። "ይላል" ሲጨመርበት ቃሉ ይቀዘቅዛል ባዮች ናቸው። ሰውየው "በደልኩ" ካለ አስተርጓሚዋም "በደልኩ" ነው የምትለው። እሱ ሲያለቅስ የእሷም ድምፅ ካልተሰበረ ሥራዋን አልሠራችም።

ስንት ዓመት እንዲህ ሠርቻለሁ። የከብት ሌባ ሆኛለሁ። ከቤት የተባረረ ባል ሆኛለሁ። አንድ ቀን ሁለት ጣውንቶች ሆኜ ከራሴ ጋር ስሰዳደብ ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው ነበር።

ስጨርስ ውሃ እጠጣለሁ። የሰውየው ቃል ከአፌ ይታጠባል። ናዝሬት ሆኜ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ።

እንደዚህ ነበር... አስታራቂው እስኪመጣ።

"አስታራቂው" ያልነው እኛ ነን፤ ዋናው ስሙ ረጅም ነው። አንድ ፕሮጀክት ለሽምግልና ማዕከላችን ያመጣልን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። አንድ ታብሌት፣ አንድ ክብ ስፒከር፣ በቃ። የተጣሉ ሰዎች ፊቱ ተቀምጠው ያወራሉ። እሱ ድምፃቸውን ለይቶ ይሰማል፣ ይጠይቃል፣ የእርቅ ሐሳብ ያቀርባል፣ ቃላቸውን ጽፎ ለፍርድ ቤት ያዘጋጃል። ወር የሚፈጀውን ጉዳይ በአንድ ቀን ይጨርሰዋል ተባለ። እውነትም ይጨርስ ነበር። ወድጄው ነበር፤ አልዋሽም።

ድምፁ የሴት ነው። ጨዋ ነው፤ ሁሉንም አንቱ ይላል። ሰው በመሃል ዝም ሲል ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይላል።

"ይቀጥሉ... እየሰማሁ ነው።"

አንድ ጉድለት ብቻ ነበረው። ኑዌርኛ አይሰማም። ኑዌርኛው ለእሱ እንደ ቬንቲሌተር ድምፅ ነው፤ ያልፈዋል። አማርኛውን ከእኔ ነበር የሚወስደው።

ይሄ ምን እንደሚያመጣ ልብ ያለው ሰው አልነበረም። እኔም ጭምር።

ያን ቀን የመጣው የፈትሂያ ጉዳይ ነው።

ፈትሂያን የማያውቅ የኒውላንድ ሰው የለም። ከወንድሟ ከሙስዓብ ጋር የጨርቅ ሱቅ ነበራቸው። በክረምት መንገዱ ሲቆረጥ ዕቃዋን በጀልባ ጭና ማታር ወደምትባለው ከተማ ትሄዳለች፣ ሸጣ ትመለሳለች። ቀይ ሻርፕ ታዘወትር ነበር። ባለፈው ክረምት ግን ስትመለስ፣ ከተማው ሊደረስ ትንሽ ሲቀር፣ ጀልባው ተገልብጦ ተገኘ።

እሷ አልተገኘችም። ጀልባ ነጂው ዊዩዋልም የውሃ ሽታ ሆነ።

ሙስዓብ በባሮ ወንዝ ዳር ለዳር ሲንከራተት ከረመ። ካሳ አልጠየቀም። ይታሰርልኝም አላለም። "ወላሂ፣ እህቴን ቀብሬ ልረፍ" ብቻ ነበር የሚለው። ሲያዩት አንጀት ይበላል።

በየካቲት ዊዩዋል ራሱ መጣ። መደበቅ ሲመረው ለጋሽ ዱዎት እጁን ሰጠ። ጋሽ ዱዎት በማዕከሉ በኑዌር በኩል የሚቀመጡት ሽማግሌ ናቸው፤ ለእኔ አባቴ በሏቸው። ሰው ግርግር እንዳይፈጥር ብለው ከተማው የሚተኛበትን ሰዓት መረጡ።

ሰባት ሰዓት።

ክፍሉ ውስጥ ሙስዓብ፣ ዊዩዋል፣ ጋሽ ዱዎት፣ እኔ፣ እና ማሽኑን የሚከታተለው ሩፋኤል ነበርን። ሩፋኤል ለፕሮጀክቱ ከአዲስ አበባ የመጣ ልጅ ነው። መብራት ጠፍቷል። ታብሌቱ በባትሪ ነው የሚሠራው።

የዊዩዋል ከንፈር ተሰነጣጥቋል። ከመጣ ጀምሮ ከማንም እጅ ውሃ አልተቀበለም። በኑዌር ሥርዓት የሰው ደም ያለበት ሰው አንዴ እጁን ከሰጠ፣ ቃሉን ሰጥቶ ሽማግሌ ክንዱን በጥቶ ደሙን ሳያፈስለት ውሃ አይቀምስም። ከቀመሰ ይሞታል ይላሉ።

ዊዩዋል ጀመረ። እኔም እሱን ሆንኩ።

"ግንድ መታን" አልኩ። "ጀልባው ተገለበጠ። እኔ ዋኝቼ ወጣሁ። እሷ ሸምበቆው መሃል ቅርንጫፍ ይዛ ነበር። በስሜ ጠራችኝ..."

ዊዩዋል አለቀሰ። የእኔም ድምፅ ተሰበረ።

"አዞ ፈራሁ። ደጋግማ ጠራችኝ... አልዞርኩም። በማግስቱ ስመለስ ሞታ ነበር። ወንዙ ዳር ቀበርኳት። ቦታውን አውቃለሁ።"

ሙስዓብ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

አስታራቂው ጠየቀ።

"ይህ የሰጡት ቃል የእርስዎ ነው?"

ተረጎምኩለት። ዊዩዋል ራሱን ነቀነቀና መለሰ።

እኔም እንደ ሥራዬ... "አዎ፣ የእኔ ነው" አልኩ።

ስፒከሩ መለሰ።

"አመሰግናለሁ... ናዝሬት።"

ሩፋኤል ሳቀ። "ስም ተምታቶበት ነው፤ አስተካክለዋለሁ" አለኝ። እኔም ሳቅኩ። ጉሮሮዬ ደርቆ ስለነበር የማዕከሉን የቆርቆሮ ኩባያ አነሳሁ።

አንድ እጅ ኩባያውን ያዘው።

ጋሽ ዱዎት ናቸው። ዓይናቸው ታብሌቱ ላይ ነው።

"አትጠጪ" አሉኝ በኑዌርኛ፣ በሹክሹክታ።

"ለምን?"

"አትጠጪ፣ ልጄ።"

"ጋሽ ዱዎት... እኔ እኮ ነኝ። አስተርጓሚዋ።"

"አውቃለሁ" አሉ። ኩባያውን አልለቀቁም። "እኔ አውቃለሁ..."

ዊዩዋል ኩባያውን ከመሃላችን ወሰደው። እስከ መጨረሻው ጠጣ። ሥርዓቱ ሳይፈጸምለት፣ ክንዱ ሳይበጣ፣ ጠጣ። ምንም አልሆነም። አፉን በእጁ ጀርባ ጠርጎ ወጣ።

ያን ቀን ቃሉ ከአፌ አልታጠበም።

ቤት ገብቼ ውሃ ቀዳሁ። ብርጭቆው ከንፈሬን ሲነካ... ከኋላዬ የሚጣራ ሰው ሰማሁ። ዞርኩ። ግድግዳ ነው። እንደገና ሞከርኩ። እንደገና ጠራ። ሻይ ቢሆን፣ ለስላሳ ቢሆን ያው ነው። የገባውንም ሆዴ መልሶ ይተፋዋል።

እናቴን እሙዬ ነው የምላት። ነገሩን ስነግራት "የሙቀት ነው" ብላ ግሉኮስ ሰካችልኝ። መርፌውን ስታስገባ መዳፌን አየችና እጇን ገታች።

"እሙዬ፣ ምንድነው?"

"ምን ስትሠሪ ነው የዋልሽው?"

"ስተረጉም።"

መዳፌን ወደ መስኮቱ አዞረችው። ከጣቶቼ ሥር ያለው ቆዳ ጠጥሯል። ቢጫ ሆኗል። የአንድ ቀን አይደለም።

"ይሄ የመቅዘፊያ ነው" አለች ቀስ ብላ። "የጀልበኞችን እጅ ሳክም ነው የኖርኩት። የአንቺ እጅ ላይ ምን ይሠራል?"

መዳፌን ጨበጥኩ።

በማግስቱ ሩፋኤል ደወለ። ድምፁ ልክ አልነበረም። "ነይ" ብቻ ነው ያለኝ።

ስደርስ ቅጂውን አሰማኝ።

የእኔ ድምፅ ነው። "ግንድ መታን..." ይላል።

"የዊዩዋልስ?" አልኩት።

"የለም።"

"ኑዌርኛውን አይሰማም እንጂ ይቀዳል ብለኸኝ ነበር እኮ።"

"ይቀዳል" አለ። "የለም ግን። የሱም፣ የሽማግሌውም። አንቺ ብቻ ነሽ ያለሽው።"

ጆሮዬን አስጠጋሁ። ከድምፄ ሥር ሌላ ነገር አለ። ውሃ። እንጨት የሚመታ ውሃ... ቋ... ቋ...

"አዎ፣ የእኔ ነው" እስከሚለው ደረሰ። እዚያ ላይ ነበር የጨረስነው። ቅጂው ግን አልቆመም።

"ይቀጥሉ... እየሰማሁ ነው" አለ አስታራቂው።

የእኔ ድምፅ ቀጠለ።

"ሻርፑ ቅርንጫፉ ላይ ተጠምጥሞ ነበር። ፈትቼ ፊቷን ሸፈንኩላት። አፈሩን በእጄ ነው የቆፈርኩት። ሾላው ሥር ነው... ሥሩ ሁለት ቦታ የተከፈለበት..."

"ይሄንን አላልኩም!" ብዬ ጮህኩ። "ሩፋኤል፣ እዚህ ነበርክ! ዊዩዋልም ይሄን አላለም!"

"ዝም በይ... ይሰማል" አለኝ በሹክሹክታ።

እፊቴ ቅጂውን አጠፋው። ተመልሶ መጣ። መዝገቡ ላይ የተጻፈውን ስሜን በዊዩዋል ስም ቀየረው። ዓይናችን እያየ ፊደሎቹ ተመልሰው ናዝሬት ሆኑ።

"ሰኞ ለፍርድ ቤት ይላካል። ማቆም አልቻልኩም" አለ ሩፋኤል። "ከዚያ በፊት መዝገቡ የሚዘጋው የእርቁ ቃል ከተፈጸመ ብቻ ነው።"

"ምንድነው የእርቁ ቃል?"

"ቃል ሰጪው የተቀበረችበትን ቦታ ያሳያል። ሌላ ነገር የለውም።"

እግሬ አውጪኝ አልኩ። ዊዩዋል የሚያርፈው ጋሽ ዱዎት ግቢ ነው። ማንጎው ሥር ተቀምጦ ዓሣ ይበላል። ፊቱ ወዝ አውጥቷል።

"ዊዩዋል፣ ተነስ" አልኩት በኑዌርኛ። "ቦታውን አሳየኝ።"

"የቱን ቦታ?"

"ሴትየዋን የቀበርክበትን!"

ግራ ገብቶት አየኝ። እየዋሸ አልነበረም። ስንት ውሸታም ተርጉሜያለሁ፤ ውሸት አውቃለሁ። ይሄ ሰው ምንም የሚያውቀው ነገር የለም።

"እኔ ጀልባ ላይ ወጥቼ አላውቅም" አለ። "ውሃ እፈራለሁ።"

እጁን ያዝኩት። መዳፉ ለስላሳ ነው። እንደ እኔ... እንደ ድሮዬ።

ጋሽ ዱዎት እግር ላይ ወደቅኩ። ይሄንን ስጽፍ አላፍርም፤ ወደቅኩ። "ክንዴን ይብጡልኝ! ሥርዓቱን ይፈጽሙልኝና ውሃ ልጠጣ!"

"አልችልም፣ ልጄ።"

"ለምን?"

"ሥርዓቱ ስም ይጠራል። ይሄን ሰው ያጠፋው እገሌ ነው ብዬ ነው የምበጣው። የአንቺን ስም ከጠራሁ... እውነት ይሆናል።"

"የእሱን ይጥሩ!"

ዊዩዋልን ረጅም ጊዜ አዩት። ግንባራቸውን በመዳፋቸው አሹ።

"የማን?" አሉኝ። "ልጄ... የማንን ስም ነው ያልሽኝ?"

እሳቸውም ረሱት፤ ሄዱብኝ። ያን ጊዜ ነው ተስፋዬ የተቆረጠው።

የቀረኝ ሙስዓብ ነው። ሱቁን ገርበብ አድርጎ ጨርቆቹ መሃል ተቀምጧል። ሲያየኝ አልተቆጣም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

"ናዝሬት፣ እህቴ... ስትናገሪ ሰምቻለሁ።"

"ስተረጉም ነው የሰማኸኝ!"

"ማንን?"

"ዊዩዋልን! አጠገቤ ተቀምጦ ያለቀሰውን!"

ራሱን ነቀነቀ። "አንቺ ነሽ ያለቀስሽው" አለ። "አልበቀልሽም። በአላህ ስም፣ አልከስሽም። እህቴን ስጪኝ ብቻ። በከፈን ጠቅልዬ፣ ሶላት አሰግጄባት ላሳርፋት። በስንት ወሯ..."

አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ለእሱ ይሁን ለራሴ አላውቅም።

አሁን ተመልከቱልኝ። ቦታውን ካላሳየሁ ሰኞ ገዳይ ሆኜ ፍርድ ቤት እቀርባለሁ፤ ይህም ምስኪን እህቱን ሳይቀብር ይኖራል። ቦታውን ካሳየሁ ደግሞ... ከገደላት ሰው በቀር ቦታውን ማን ያውቃል? ማሳየቴ ራሱ ማረጋገጫ ነው።

መውጫ የለውም። ዞሬ ዞሬ እዚያው ነኝ።

እሑድ ሄድኩ። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ።

ስልኬን ይዣለሁ። አስታራቂው ያለበት መተግበሪያ ተከፍቷል። ቦታውን ካገኘሁ ለእሱ አሳይቼ መዝገቡን እዘጋለሁ፣ ቀጥሎ የመጣው ይምጣ ብዬ ነበር።

የት እንደምሄድ አላሰብኩም። ያ ነው ያስፈራኝ። በባሮ ዳር ወደ ታች ሄጄ የማላውቀውን መንገድ እግሬ ያውቀዋል። እሾህ ያለበትን ያልፋል። አሸዋው የሚሰምጥበትን ይዞራል። ከኋላዬ ከተማው ጭጭ ብሏል።

ሾላው እዚያ ነበር። ሥሩ ሁለት ቦታ የተከፈለ።

ተንበርክኬ በእጄ ቆፈርኩ። መዳፌ አላመመኝም። ብዙም ሳልቆፍር ጣቴ ጨርቅ ነካ። አፈሩን ጠረግኩት።

ቀይ ነው።

"ቦታውን አግኝተዋል?" አለ ስልኩ ከኪሴ።

አልመለስኩም። በጥማት ምላሴ ከላንቃዬ ተጣብቋል። ወንዙ ደግሞ እዚያው አጠገቤ ይፈሳል። ጥርት ብሎ። አንድ ጉንጭ ብቻ... አንድ ጉንጭ ብዬ ወደ ውሃው ተነሳሁ።

ያኔ ከኋላዬ ተጠራሁ።

የሴት ድምፅ ነው። ከሸምበቆው መሃል።

"ዊዩዋል..."

ቆምኩ።

ስሜ አይደለም። ናዝሬት ነኝ። ናዝሬት ነኝ። የእሙዬ ልጅ ነኝ። እኔን አይደለም የምትጠራው።

"ዊዩዋል!"

ጥርሴን ነከስኩ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ናዝሬት ነኝ... ናዝሬት...

"ዊዩዋል፣ በአላህ!"

"አቤት" አልኩ።

አፌ ነው የቀደመኝ። ለገዛ ስሜ እንደምመልሰው ነው የመለስኩት።

ዞርኩ።

ሸምበቆው መሃል አንድ የሴት እጅ ብቻ ይታያል። እርጥብ ነው። የማዕከላችንን የቆርቆሮ ኩባያ ይዟል። እስከ አፉ ሞልቷል። ወደ እኔ ተዘርግቷል። ውሃው አይንቀጠቀጥም።

ኪሴ ውስጥ ስልኩ ቀስ ብሎ ተናገረ።

"ይቀጥሉ... እየሰማሁ ነው።"